አቶ ኦኬሎ አኳይና ያልተመዘገቡት ስሞች

የማኅበራችን የቁጠባ ቀን ነበር። አንዲት ወጣት አባላችን የሳምንቱን ቁጠባ ከፍላ፣ ደብተሯን አስፈርማ፣ ቡናው እስኪቀዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ወሬው ክልላችንን ስላስተዳደሩ ሰዎች ሆነ። ትልልቆቹ እናቶች የቀድሞዎቹን ስም በየተራ ሲያነሡ ልጅቷ «ኦኬሎ አኳይ ደግሞ የትኛው ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ከቡናው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ዝም አልን። አንዷ እናት ሲኒ መደርደር ጀመሩ፤ ሌላዋ «ተዪው ልጄ፣ ረጅም ነው» አሉ።

ልጅቷ የተወለደችው ሰውየው ከጋምቤላ ከወጡ በኋላ ነው፤ ባለማወቋ አትወቀስም። የምንወቀሰው ያልነገርናት እኛ ነን። ያን ቀን እኔም እንደሌሎቹ ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልተወኝምና ይህችን ጽሑፍ ለእርሷና ለእኩዮቿ ጻፍኩ። ውድ እህቶች፣ ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ታሪኩ የአንድ ፖለቲከኛ ነው። ሳልጨርስ ግን ወደ ራሳችን ደብተር እመልሳችኋለሁ።

ወንበሩ ከየት መጣ

የአቶ ኦኬሎን ሕይወት ለመረዳት የተቀመጡበትን ወንበር ማወቅ ያስፈልጋል። ጋምቤላ በዘመናዊ ታሪኳ በወንዟ ምክንያት የታወቀች ከተማ ናት። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለእንግሊዞች ተሰጠ። በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ጨርቅና ጨው ያራግፉ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህ አሠራር ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ቆየ። ከዚያም ጋምቤላ በኢሉባቦር ሥር ያለች፣ ሹማምንቷ ከደጋ የሚላኩላት የጠረፍ አገር ሆነች።

የአካባቢው ሰው ግን አስተዳደርን ከመንግሥት ሹም አልተማረም። በአኝዋክ መንደር ኳሮ የሚባል የመንደር አለቃ አለ። ሰው ፊቱ ጎንበስ ይላል፣ ከበሮውና ጨሌው የክብሩ ምልክት ናቸው። ክብሩ ግን ዕዳ አለው፤ ኳሮ ማብላትና ማጠጣት፣ የተጣላን ማስታረቅ አለበት። እጁ ሲያጥር ወይም ፍርዱ ሲዛባ መንደሩ ይነሣበታል፣ ከበሮው ይመታል፣ እርሱ ወርዶ ሌላው ይተካል። ይህ መነሣት አጌም ይባላል። ሹመት ከሕዝብ ጋር የሚታሰር ውል መሆኑን የእኛ አባቶችና እናቶች በዚህ ያውቁ ነበር።

በደርግ ዘመን ነገሩ ተቀየረ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከደጋው መጥተው በክልሉ ሰፈሩ። ብዙዎቹ የመጡት ወደው አልነበረም፤ ረኃብና መንግሥት አመጧቸው። በዚያው ዘመን የሱዳን ጦርነት በኢታንግ እጅግ ሰፊ የስደተኞች ካምፕ ፈጠረ። አኝዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው፣ ከደጋ የመጣውና ከሱዳን የተሰደደው በአንድ ገበያ ይገበያይ ጀመር። መሬትና መሣሪያ፣ ሥራና ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄም አብሮ ገባ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ጋምቤላ ክልል 12 ተባለች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከዘጠኙ የፌዴሬሽኑ አባል ክልሎች አንዷ ሆነች። ለመጀመሪያ ጊዜ የአካባቢው ተወላጅ በራሱ ምክር ቤት ተመርጦ ርዕሰ መስተዳድር የሚሆንበት ወንበር ተሠራ። ወንበሩ ታላቅ ተስፋ ነበር። ግን ሦስት እግሩ ሌላ ቦታ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንደኛ፣ የክልሉ በጀት አብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ የሚመጣ ነው። ሁለተኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መከላከያን የሚያዘው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 ለክልል የተሰጠው የራሱ ፖሊስ ነው። ሦስተኛ፣ ክልሉን የሚመራው ድርጅት የኢሕአዴግ አባል አልነበረም፤ «አጋር» ይባል ነበር። አጋር ማለት ከማዕድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጥ እንግዳ ነው፤ ወጡ ሲሠራ ይሸተዋል፣ ጨው ስንት ይግባ ሲባል ግን አይጠየቅም። ይህ አጋርነት የተቀየረው በ2012 ዓ.ም. ድርጅቶቹ ተዋህደው ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት ነው።

አቶ ኦኬሎ አኳይ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተቀመጡት በዚህ ወንበር ነው። አኝዋክ ናቸው። በእርሳቸው ጊዜ በአኝዋክና በኑዌር መካከል የሥልጣን ድርሻ ክርክሩ ከሮ ነበር፤ ግጭቶችም ሰው ገድለዋል። ርዕሰ መስተዳድሩ የሁሉም አባት መሆን ይጠበቅባቸው ነበር፤ ድርጅቶቹ ግን በየብሔሩ የተከፋፈሉ ነበሩ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ቅዳሜ ነበር። ከጋምቤላ ከተማ ውጭ በአንድ መኪና ላይ በተከፈተ ተኩስ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ጨምሮ ስምንት ሰዎች ተገደሉ። እነርሱም እናት ነበረቻቸው። አስከሬናቸው ወደ ከተማ ሲገባ ብዙ ሕዝብ አየው። ገዳዮቹ አኝዋኮች ናቸው ተባለና ማን ምን አደረገ ሳይጣራ በከተማው ባሉ አኝዋኮች ላይ ዘመቻ ተከፈተ። የተፈለጉት በተለይ ወንዶች ነበሩ፤ የተማሩት፣ ወጣቶቹ፣ አባወራዎቹ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሴቶችም ተደፈሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ፖቻላ ሸሹ። በጥር ወር መጨረሻ ደግሞ በዲማ የወርቅ ማውጫ ሠፈር በተነሣ ግጭት ብዙ ከደጋ የመጡ ቆፋሪዎች አለቁ። በአንድ ሰሞን በሁለቱም ወገን ጥቁር ያልለበሰ ቤት ጥቂት ነበር።

ያን ቀን ርዕሰ መስተዳድሩ የት ነበሩ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሕዝብ በአለቃው ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ነውና። ሆኖም ከላይ የነገርኳችሁን ሦስት እግር አስታውሱ። በከተማው የነበረው ሠራዊት በእርሳቸው ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሠራዊቱ አባላት በግድያው ከከተማው ነዋሪዎች ጋር መሳተፋቸውን ገልጿል። መንግሥት በበኩሉ ነገሩን የብሔረሰቦች ግጭት ነው ሲል ቆየ።

አቶ ኦኬሎ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጥር 1996 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጡ። በኋላ እንደተናገሩት የመንግሥትን አገላለጽ ተቀብለው ጥፋቱን በወገናቸው ላይ እንዲያደርጉ ግፊት ተደርጎባቸው አልቀበልም ብለዋል። የሄዱበትን ሁሉ የሟቾቹን ነገር ተናገሩ።

በማኅበራችን ውስጥ ስለዚህ መሰደድ ሁለት ዓይነት አነጋገር እሰማለሁ። አንዳንዶቻችን «እረኛ መንጋውን ጥሎ አይሄድም» እንላለን። ሌሎቻችን «ቢቀሩ አንድ አስከሬን ይጨመር ነበር እንጂ ማን ይድን ነበር?» እንላለን። እኔ እንደማስበው ሁለቱም እውነት አለበት። መሪ ሲሄድ የቀረው ሕዝብ የሚናገርለት ያጣል። የሚናገረው ሰው በሕይወት ባይኖር ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይቀበራል። እርሳቸው ከወንበሩ ይልቅ ምስክርነቱን መረጡ። የመረጡትን ዋጋ ከፍለውበታል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስደት፣ እስርና መፈታት

አቶ ኦኬሎ ኑሯቸውን በኖርዌይ አደረጉ፤ የዚያች አገር ዜግነትም አገኙ። ባሮን የለመደ ሰው በረዶ አገር ሲኖር ምን እንደሚሰማው ዘመድ ያላቸው እህቶቻችን ያውቁታል። ፖለቲካውን ግን አልተዉም። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ሳሉ ተያዙና ለኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፈው ተሰጡ። ከአገር ከወጡ አሥር ዓመታቸው ነበር።

ከሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ መዝገብ በሽብር ተከሰሱ። የክሱ ጭብጥ በመንግሥት ላይ መሣሪያ ለማንሣት ያሰበ የጋምቤላ ድርጅት መርተዋል የሚል ነበር። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈረደባቸው።

ያ ሚያዝያ ለክልላችን ምን ዓይነት ወር እንደነበር የረሳችሁ አይመስለኝም። ከፍርዱ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ከደቡብ ሱዳን የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን መንደሮች ላይ ወርደው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትንም ወሰዱ። አዲስ አበባ ላይ የቀድሞው ርዕሰ መስተዳድር ፍርድ ሲሰሙ፣ እዚህ የኑዌር እናቶች ልጆቻቸውን ይጠብቁ ነበር። ከልጆቹ የተመለሱ አሉ። በ1996ቱ የአኝዋክ እናት፣ በ2008ቱ የኑዌር እናት፣ በዲማው ከደጋ የመጣች እናት አለቀሰች። ለቅሶው በብሔር አይለይም።

የመፈቻው ቀን ከታሰበው ቀድሞ መጣ። በ2010 ዓ.ም. በአገሪቱ ተቃውሞው በርትቶ መንግሥት የታሰሩ ፖለቲከኞችን እፈታለሁ አለ። አቶ ኦኬሎም በየካቲት 2010 ዓ.ም. ከተፈቱት መካከል ነበሩ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ከእርሳቸው በኋላ በወንበሩ ብዙ ሰው ተቀምጧል። አቶ ኡሞድ ኡባንግ ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. መሩ፤ እርሳቸውም በኋላ አገር ለቀው ወጡ። አቶ ጋትሉዋክ ቱት እስከ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አቶ ኡሞድ ኡጁሉ ደግሞ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ቆዩ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወይዘሮ ዓለሚቱ ኡሞድ ተሾሙ፤ ሴት በዚህ ወንበር ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ናቸው። ያን ቀን ብዙዎቻችን እልል ብለናል። ቢሆንም የአቶ ኦኬሎን ታሪክ ያነበበች ሴት እልልታዋን ከጨረሰች በኋላ ትጠይቃለች፦ ወንበሩ ያው ነው ወይስ ተሻሽሏል? ከበጀቱ ምን ያህሉ የራሳችን ነው? ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ያዛል? ወንበሩ ሳይጠገን የተቀመጠችው ሴት ስለሆነች ብቻ አይጸናም።

ቁጥሩ

አሁን ወደ ደብተራችን ልመልሳችሁ።

ስለ ታኅሣሥ 3 ሁለት ቁጥር አለ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተገደሉት አኝዋኮች እስከ 424 እንደሚደርሱ ጻፈ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 359 ነው። ሦስት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሰው ማለት የማኅበራችን አዳራሽ ሞልቶ፣ በረንዳው ሞልቶ፣ ግቢው ሞልቶ የሚተርፍ ሕዝብ ነው። ያን ያህል ሰው እንዴት ይከራከሩበታል? ሰው ቆሞ ይሄዳል፣ ስም አለው፣ እናት አለችው፣ ተበድሮ ያልከፈለው፣ አበድሮ ያልተቀበለው ሒሳብ አለው። ታዲያ እንዴት ጠፋ?

ያጠፋነው እኛም ጭምር ነን። ፈርተን ነበር፤ መፍራታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። የሆነው ሁሉ ግን በቃል ብቻ ቀረ። አቶ ኦኬሎ የሟቾቹን ነገር ይዘው ወጥተው በሩቅ አገር ሲናገሩ፣ እዚህ ያለነው ሴቶች የልጆቻችንንና የባሎቻችንን ስም በሆዳችን ያዝን። በሆድ የተያዘ ስም ባለቤቷ ስትሞት አብሮ ይሞታል። በዚያ ዘመን ትልልቅ የነበሩት እናቶች አሁን በየዓመቱ እየተለዩን ነው።

መጻፍ ለውጥ እንደሚያመጣ ደግሞ አይተናል። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ ውጊያ በተነሣ ጊዜ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መጥቶ ምርመራ አደረገ። በቀጣዩ መስከረም ባወጣው ሪፖርት በጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። የክልሉ አስተዳደር ሪፖርቱን ባይቀበለውም፣ ስለ 1996 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የተጻፈው ዓይነት ነገር ስለ 2014 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ተቋም፣ በአማርኛ ተጻፈ። ምስክርነት የሰጡ ሰዎች ባይኖሩ ይህ አይጻፍም ነበር።

ሴቶች መመዝገብ እንደምንችል ማንም አይጠራጠርም። በማኅበራችን ደብተር ማን መቼ ስንት እንደቆጠበች፣ ማን አርፍዳ ቅጣት እንደከፈለች፣ ማን ለልጇ ትምህርት ተበድራ በስንት ወር እንደመለሰች ሁሉ ተጽፏል። አንዲት ብር ብትጎድል ስብሰባ አይበተንም። እድራችንም የሞተን ሰው ስም ይመዘግባል፤ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደተተከለ ሳይቀር ያውቃል። ብርን እንዲህ የቆጠርን ሴቶች ሰውን መቁጠር አያቅተንም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በማኅበራችን አንድ የስም ደብተር ይከፈት። የፈለገች አባል፣ አኝዋክም ትሁን ኑዌር፣ መዠንግርም ኦፖም ኮሞም፣ ከደጋ የመጣችም ትሁን፣ በማንኛውም ዘመን በግጭት ያጣችውን ሰው ታስመዝግብ። የሚጻፈው የሟቹ ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜው፣ መንደሩ፣ ሥራው፣ የሞተበት ቀን ነው። ማን ገደለው የሚለው አይጻፍም፤ እርሱ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፣ በመካከላችንም ቂም እንዲያድግ አንፈልግም። ሁለት ምስክር ይፈርሙበት። ደብተሩ እንደ ገንዘብ ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ፤ ቁልፎቹን ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ ሦስት ሴቶች ይያዙ፤ ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈት። ያላመነችበት እናት አትገደድ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ጠንካራ ደብተርና ጥቂት እስክሪብቶ ነው፤ እርሱን ከመዋጯችን እንችለዋለን። ከእናንተ የምንፈልገው ስለ ጋምቤላ ስትሰሙ በቁጥር ብቻ እንዳትሰሙን ነው። «65 ወይስ 424?» ለሚል ሰው «ስማቸው ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁልን።

በመጨረሻ ለዚያች ወጣት አባላችን። ልጄ፣ አቶ ኦኬሎ አኳይ ማለት የተሰጣቸው ወንበር ትልቅ፣ የተሰጣቸው ኃይል ግን ትንሽ የሆነ የአገራችን ሰው ናቸው። ሕዝባቸውን ማዳን አልቻሉም። የሆነውን አልሆነም ለማለት ግን እምቢ አሉ፤ ለእምቢታቸውም በስደትና በእስር ከፈሉ። አንቺ ይህን ያህል አትጠየቂም። የሚቀጥለው የቁጠባ ቀን እናትሽን ወይም አያትሽን ይዘሽ ነይ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ አንቺ ጽሕፈትሽ ያማረ ነውና እስክሪብቶውን ትይዣለሽ።